ሐዲድና መንገድ የሚገናኙበት ስፍራ

አንባቢ ሆይ፤ መኖሪያ ቤትዎ በቦሌ ወይም በመገናኛ፣ በጉርድ ሾላ ወይም በሲ.ኤም.ሲ. በኩል ከሆነ፣ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲጓዙ «ይህ መንገድ ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ፣ ወይም ሰሌዳው ሳይኖር ያንኑ የሚናገር በርሜልና የድንጋይ ክምር ሳይገጥምዎ የቀረ ዓመት ጥቂት ነው። ሰሌዳውን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እርስዎም ያደርጋሉ፤ ሰዓትዎን ይመለከታሉ፣ ሌላ መንገድ ያፈላልጋሉ፣ ዘግይተውም ሲደርሱ ምክንያትዎን ለአለቃዎ ያስረዳሉ። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ቃላት መካከል አንዷን ብዙ ሰው ሳያስተውላት ያልፋል፤ ይህችውም «ለጊዜው» የምትለው ቃል ናት። የተዘጋው ነገር እንደሚከፈት ታስታውቃለች፤ መቼ እንደሚከፈት ግን አትናገርም።

ዛሬ ልናወጋዎ ያሰብነው ስለዚህች ቃል ነው፤ በተለይም የባቡር ሐዲድና የሕዝብ መንገድ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ስላላት ታሪክ። ያረጀውን ሐዲድ አንሥቶ በአዲስ ለመተካት ሲባል ማቋረጫን ለጥቂት ሌሊት መዝጋት የሕዝብን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሕዝብ ደግሞ ትዕግሥቱን የሚያበድረው፣ ቀድሞ ያበደረው ተመልሶለት እንደሆነ ነው። በከተማችን የሆነውን ስንመረምር ሁለት ታሪክ እናገኛለን። አንደኛው፣ ሐዲዱ በወቅቱ ሳይታደስ ስለ ቀረ ባቡሩ ራሱ ቆሞ የቀረበት የአሮጌው ምድር ባቡር ታሪክ ነው። ሁለተኛው፣ ለጊዜው ተብለው ከተዘጉት መተላለፊያዎች ብዙዎቹ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይከፈቱ የቀሩበት የቀላል ባቡር ታሪክ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ሰው፣ ወደፊት ስለሚመጣው የሐዲድ ለውጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

የመጀመሪያው ታሪክ የሚነሣው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስና ከዚያም ወዲያ የሚዘልቅ የምድር ባቡር ይሠራ ዘንድ የ99 ዓመት ውል ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኖ ጋራ ሆኖ ኩባንያ አቆመና በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ የድሬዳዋ ከተማም ከጣቢያው ጋራ አብራ ተወለደች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ፣ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው በስፍራው ተተካ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ለገሃር የምንለው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ ግን የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ስሙም ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው «ላ ጋር» ከተባለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ መሆኑን አንባብያን ያውቁታል።

ስለ ሐዲዱ ጠባይ ጥቂት እንናገር፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነውና። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። መጀመሪያ የተነጠፈው ሐዲድም ቀላል ነበር፤ አንዱ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ዛሬ በሌላው ዓለም ከባድ ጭነት በሚመላለስበት መንገድ ላይ የሚነጠፈው ሐዲድ በሜትር 60 ኪሎ ግራም የሚደርስ መሆኑን ስናስታውስ ልዩነቱ ይገባናል። ሐዲዱን የሚሸከመው አግዳሚ እንደ ሌላው አገር እንጨት ሳይሆን ብረት ነበር፤ ምስጥ እንጨቱን እንዳይበላው ታስቦ የተደረገ ብልኃት ነው። ያ ሁሉ ለዘመኑ የሚበቃ ነበር። ባቡሩ የሚጎትተው ቡናና ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅና ጨው፣ ጥቂትም መንገደኛ ነበር። ቀላል ሐዲድ ግን ከባድ ባቡር ሲመጣበት ከከባድ ሐዲድ ይልቅ ቶሎ ይደክማል።

የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ ሐዲድ ጋራ የነበረው ጉርብትና ሰላማዊ ነበር ማለት ይቻላል። መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ በቀን የሚያልፈው ባቡርም ከጥቂት አይበልጥም። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሲወርድ የጡሩንባው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ በጉን የሚነዳው በጉን ይሰበስባል፤ መኪናውም ቆሞ ያሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ እስከሚቀጥለው ባቡር ድረስ የሰፈር መንገድ ሆኖ ይውላል። ዛሬ ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ የሚወርደው ሰው መሿለኪያ የሚባለውን ሰፈር ያልፋል። ስሙን ያገኘው ከሐዲዱ ሥር ሾልኮ ከሚያልፈው መንገድ ነው። ባቡሩ ከላይ፣ መኪናው ከታች እንዲተላለፉ የተደረገበት ስፍራ በመሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ሲታደስ ሌላውን መዝጋት ግድ አይሆንም ነበር። እንዲህ ያለው መተላለፊያ በከተማችን ብዙ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ወሬያችን አጭር በሆነ ነበር። አብዛኛው መተላለፊያ ግን ሐዲዱና መንገዱ በአንድ ደረጃ ላይ የሚገናኙበት ነበር።

እንግዲህ ሐዲድ እንዴት ያረጃል? ብረት ጠንካራ ነው፣ ምን ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ሐዲድ የሚያረጀው በሦስት መንገድ ነው። የላይኛው ፊቱ በመንኰራኵር እየተፋቀ ይሳሳል፤ በተለይ በኩርባ ላይ የውጭው ሐዲድ ጎኑ ይበላል። ሁለተኛም፣ መንኰራኵሩ በተመላለሰ ቍጥር ብረቱ በጥቂቱ ይጎብጣል፣ ይቃናል፤ ይህም እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ፀጕር የሚያህል ስንጥቅ ከውስጡ ይጀምራል። ሦስተኛውና ተራ መስሎ የሚታየው፣ ከሐዲዱ በታች ያለው ጠጠር በጭቃ መሞላቱ ነው። ጠጠሩ ንጹሕ ሲሆን ውኃውን ያሳልፋል፣ ክብደቱንም ያከፋፍላል። ጭቃ ከሞላው ግን ውኃ ያቍራል፤ አግዳሚው በባቡሩ ክብደት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብሎኑ ይላላል፤ የሐዲዱም ስፋት ከልኩ ይወጣል።

ከመስመሩ ሁሉ ይህ ጉዳት የሚፈጥነው የሕዝብ መንገድ በሚያቋርጠው ስፍራ ነው። በሜዳ ላይ ያለውን ሐዲድ ጠባቂው በእግሩ እየሄደ ያየዋል፤ የላላውን ብሎን ያጠብቃል፣ የተሰነጠቀውን ምልክት ያደርግበታል። በማቋረጫው ላይ ግን ሐዲዱ እስከ አንገቱ ድረስ በአስፋልት ወይም በኮንክሪት ስለሚቀበር ራሱ ብቻ ይታያል። የጭነት መኪናው ከጎን ይገፋዋል፣ የክረምቱ ጎርፍ የመንገዱን አፈር እየጠረገ ወደ ጠጠሩ ያስገባዋል፣ ማንም አያይም። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ሐዲዱ መለወጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መሐንዲሶቹ በቅድሚያ የሚሠጉት ለማቋረጫዎቹ ነው፤ ሕዝቡም በብርቱ የሚያጕረመርመው በዚያው ነው።

የመለወጡን ሥራ ሳያደርጉ ማሳደር የሚያመጣውን ነገር ለማየት አንድ የውጭ አገር ምሳሌ እናምጣ። ጥቅምት 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሃትፊልድ በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አራት ሰዎች ሞቱ፣ ከ70 የሚበልጡም ቈሰሉ። ምርመራው እንዳሳየው፣ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ የቈየው ሐዲድ ባቡሩ ሲያልፍበት ከ300 በሚበልጥ ስብርባሪ ሆኖ ተበታትኖ ነበር። ይህ ያስደንቅዎ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በሐዲዱ ላይ ያለው ጉድለት ከአደጋው በፊት የታወቀ ነበር፤ የሚተካውም አዲስ ሐዲድ ተገዝቶ፣ ተጓጕዞ፣ ከመስመሩ ዳር ለወራት ተጋድሞ ነበር። የጠፋው ብረት አልነበረም፤ መንገዱን ዘግቶ ሥራውን የሚሠሩበት ሰዓት ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ በአገሪቱ ባቡሮች ላይ ከሺህ በሚበልጡ ስፍራዎች የፍጥነት ገደብ ተደርጎ፣ የአገሪቱ ጉዞ ለወራት ተሰናከለ። ጥቂት ሰዓት ለመዝጋት የተሣቀቀው መስመር ብዙ ወራት ሲያነክስ ከረመ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኩባንያው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የኢትዮጵያ መንግሥት የእኩሌታ ባለድርሻ ሆነበት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው ባቡሩ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሀብት ሆነ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከኩርባ ላይ ወድቆ ከ400 የሚበልጡ መንገደኞች የሞቱበት ታላቅ አደጋ ደረሰ። ምክንያቱ ባቡሩ በኩርባው ላይ ከልክ በላይ መፍጠኑ ነው ተብሏልና፣ ያንን በሐዲዱ እርጅና ማሳበብ አይገባንም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባቡር ከሐዲድ መውጣት የተለመደ ወሬ እየሆነ ሄደ፤ በብዙ ስፍራም ባቡሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ለመሄድ ተገደደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚያሳዝነው ነገር የሚከተለው ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲ ምድር ባቡር ለዘመናት ሲጠብቀው የነበረ ዕድል በአንድ ቀን መጣለት ማለት ነው። ሆኖም ዕድሉን ለመሸከም ሐዲዱ አልቻለም። ዕቃው በጭነት መኪና ተጭኖ በአፋር በረሃ በኩል መንገዱን ያዘ፤ ባቡሩም ከጎኑ ቆሞ ተመለከተ። ድሬዳዋ ባለው የጥገና ቤት የሚሠሩት ሰዎች በእጃቸው ባለው ሁሉ ሲታገሉ መቈየታቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ማሽን ጠግኖ ማንቀሳቀስ ሌላ፣ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ሐዲድ መለወጥ ሌላ።

በ1999 ዓ.ም. ግን አንድ ተስፋ ታየ። የአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ሰጥቶ፣ ኮንስታ የሚባል የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ የደከመውን ሐዲድ ለማደስ ተዋዋለ። የርዳታው ገንዘብ በኋላ ተጨምሮበት 50 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ደርሶ ነበር። ሥራው ተጀመረ፤ ነገር ግን እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። በዚሁ መካከል ከአዲስ አበባ የሚነሣው ባቡር ተቋረጠ። በኋላም መንግሥት አሮጌውን ከማደስ ይልቅ ስፋቱ በዓለም የተለመደውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አዲስ መስመር መሥራት መረጠ፤ ይህም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። አዲሱ መስመር ለገሃር አይደርስም፤ መንገደኛው ከከተማው ዳር ድረስ ሄዶ ይሳፈራል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የተረክነው አሮጌው ባቡር በምን እንደ ሞተ በአንድ ቃል ለመወሰን አይደለም። ጦርነትም፣ የገንዘብ እጦትም፣ የጭነት መኪና ውድድርም ነበሩበት። በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የከበደው፣ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ መደረግ የነበረበት የሐዲድ ለውጥ ሳይደረግ ተጠራቅሞ፣ በመጨረሻው በአንድ ጊዜ ሊከፈል የማይቻል ዕዳ መሆኑ ነው። ማቋረጫዎቹ በየጊዜው ለአንድ ለአንድ ሌሊት ቢዘጉ ኖሮ የሪቼና የጎተራ ሰው ባጕረመረመ ነበር። አልተዘጉም፤ የተዘጋው ባቡሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ፣ ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ እንሻገር። የቀላል ባቡሩ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በዑራኤል አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው መስመር ከሁሉ የበዛውን የመንገድ መዘጋት ያመጣ ነበር። ሥራውን የያዘው የቻይና ምድር ባቡር ኩባንያ ነው፤ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ከመቶ 85 እጁ ከቻይና የወጪና ገቢ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው መስመር፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ይህ የምሥራቁ መስመር ሥራ ጀመረ። ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያ አላቸው። ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከሰሐራ በስተ ደቡብ እንዲህ ያለውን የከተማ ባቡር በመሥራት ከተማችን ቀዳሚ ነበረችና፣ ሥራውን ማመስገን ይገባል።

በእነዚያ ዓመታት ግን የምሥራቁ ሰው የተሸከመውን ማንም አልመዘነውም። ከመገናኛ እስከ ዑራኤል ያለው ዐውራ ጎዳና ተቈፍሮ፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆነ። ሱቆች ደንበኛ አጡ። ታክሲዎች በገርጂና በቦሌ ውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተሽሎከሎኩ ያልለመዱትን ሰፈር አጣበቡ። በየመሥሪያ ቤቱም የማርፈጃ ምክንያት አንድ ዓይነት ሆነ። ሰዉም ይህን ሁሉ የታገሠው «ለጊዜው» በምትለው ቃል ተጽናንቶ ነው። ባቡሩ ሲመረቅ ግን፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ አጥር ቆሞ ተገኘ። ቀድሞ ከጎዳናው ወዲህ ወደዚያ ሰውና መኪና ይሻገርባቸው ከነበሩት ስፍራዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። መኪና ሊዞር ሲፈልግ ርቆ ሄዶ ይመለሳል። እግረኛውም ወደ ጣቢያው ማቋረጫ ይሄዳል፤ ወይም፣ ብዙ ጊዜ እንደ ታየው፣ አጥሩን ይዘላል። ከዚህ ቀደም በ1990ዎቹ የቀለበት መንገድ ሲሠራ ሰፈሮችን ለሁለት ከፍሎ የእግረኛው መሻገሪያ ማነሱ ያስከተለውን ጣጣ ያየ ሰው ይህ አዲስ ነገር ሊሆንበት አይችልም ነበር።

ባቡር ባለበት መንገድ ላይ ማቋረጫ ማብዛት አደጋ ያበዛል የሚለው የመሐንዲሶች ክርክር እውነት ነው። የጃፓን ሰዎች በመስከረም 1957 ዓ.ም. ፈጣኑን ባቡራቸውን ሲከፍቱ በመላው መስመር ላይ አንድም የመኪና ማቋረጫ እንዳይኖር አድርገው ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ባቡር አያሳልፉም፤ ያ ሰዓት ለሐዲድ ጥገና የተለየ ነው። እነርሱ ግን ማቋረጫውን ሲያስቀሩ በምትኩ ድልድይና መሿለኪያ ሠርተዋል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የታየው ጉድለት መዘጋቱ ብቻ አይደለም። የሚቀረው ነገር እንደሚቀር በግልጽ ሳይነገር፣ ለጊዜው የሚባለውና ለዘላለም የሚባለው በአንድ ሰሌዳ ተጽፎ መሰቀሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ማንኛውንም መዘጋት በጥርጣሬ ያያል፤ ለዚህም ሊወቀስ አይገባውም።

ይህ ጥርጣሬ ወደፊት ዋጋ ያስከፍላል፤ የምሥራቁ ሐዲድም እንደ ማንኛውም ሐዲድ ማርጀቱ አይቀርምና። መስመሩ ከተከፈተ ዓሥር ዓመት ሆኖታል። ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ሥራ ማቆማቸው በየጋዜጣው ተጽፏል። ስለ ባቡሩ ሲጻፍ ሁሉ ወሬው ስለ ተሽከርካሪው ነው፤ ተሽከርካሪ ሲቆም ይታያልና። ሐዲድ ግን ሲደክም ለዓይን አይታይም። በኩርባዎቹና በጣቢያ ማቋረጫዎቹ ላይ ያለው ሐዲድ ከቀረው ቀድሞ መለወጥ እንደሚያስፈልገው ከማንኛውም የከተማ ባቡር ልምድ የታወቀ ነው።

ያ ቀን ሲመጣ አንድ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። «ማቋረጫውን ግማሹን ዘግተው ግማሹን ለምን አይተዉልንም?» የሚል ነው። አስፋልት ሲታደስ እንዲህ ይደረጋልና፣ ጥያቄው የተገባ ነው። ሐዲድ ግን እንደ አስፋልት ተከፍሎ አይሠራም። አዲሱ ሐዲድ ከማቋረጫው ወዲህ ተጀምሮ ከማቋረጫው ወዲያ የሚያልቅ አንድ ወጥ ብረት እንዲሆን ይፈለጋል፤ መጋጠሚያው ወይም ብየዳው በመንገዱ መካከል ቢውል መኪናው እየረገጠው ቀድሞ የሚበላሸው ያ ስፍራ ነው። አሮጌውን ለማንሣት አስፋልቱ በሙሉ መቈረጥ አለበት፤ የጨቀየው ጠጠር ተዝቆ በአዲስ ይተካል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሐዲዱ ይጋደማል፣ ይበየዳል፤ ጠጠሩ በመኪና ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም የመንገዱ ንጣፍ ይመለሳል። ይህን በግማሽ ማድረግ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራትና በመካከሉ ደካማ ስፍራ መተው ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ በሙሉ ልዝጋው ሲል ለራሱ ምቾት ሲል አይደለም።

ሰዓቱን ስለ መምረጥ ግን የከተማችን ጠባይ የራሱን ሕግ ይጨምራል። ሌሊት ባቡሩ ቆሟል፣ የመኪናው ብዛትም ቀንሷል፤ ሥራው በሌሊት ቢሆን መልካም ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። ብረት በብርድ ይኮማተራል። በንጋት ብርድ የታሰረ ረጅም ሐዲድ በቀትር ፀሐይ ሲረዝም መሄጃ ያጣና ወደ ጎን ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ ብርድ ባለበት ሌሊት የሚሠራ ሰው ሐዲዱን በመሣሪያ ስቦ ወደ ልኩ ካደረሰ በኋላ ማሰር ይኖርበታል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ክረምቱ ደግሞ ጕድጓዱን ውኃ ስለሚሞላው፣ ተለዋጭ ሆኖ የሚሰጠውንም የውስጥ መንገድ ጭቃ ስለሚያደርገው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመስቀል በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ወራት ይሻላል፤ በዚያም ውስጥ ኅዳር 12 ቀን በሲ.ኤም.ሲ. ሚካኤል፣ ጥር 22 ቀን በዑራኤል የሚሰበሰበውን ሕዝብ የማያስብ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። የጥምቀትን ሰሞን መጥቀስም አያስፈልገንም።

ከአንባብያን መካከል እነዚህን ማስታወቂያዎች በመሥሪያ ቤታቸው የሚያረቁ፣ የሚፈርሙና የሚያሠራጩ አይጠፉምና፣ የቀረውን ቃላችንን ለእነርሱ እናድርገው። በተከታታይ ያሉ ሁለት ማቋረጫዎች በአንድ ሳምንት አይዘጉ፤ የጉርድ ሾላው ሲዘጋ የመገናኛው ክፍት ሆኖ ይቈይ፤ አለዚያ ተለዋጭ የተባለው መንገድ ራሱ ይታፈናል። የሕሙማን መኪና የሚያልፍበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ለሆስፒታሎቹና ለእሳት አደጋው ክፍል ቀድሞ በጽሑፍ ይነገራቸው። አዲሱ ሐዲድ፣ አግዳሚው፣ ጠጠሩና የሚጠቀጥቀው መኪና ከስፍራው ሳይደርሱ ሰሌዳው አይተከል፤ ተዘግቶ ዕቃ የሚጠበቅበት መንገድ የከተማውን ሰው ከሁሉ የሚያስመርረው ነውና። ለቀብር የሚወጣ ሕዝብ፣ ለጋብቻም የተጠሩ ሰዎች በዚያ መንገድ የሚሄዱበትን ቀን ለማወቅ የቀበሌውን ሰው መጠየቅ የአንድ ጧት ሥራ ነው።

ማስታወቂያው ራሱም ከአንድ ሳምንት በፊት በራዲዮ ይነገር፣ በጋዜጣም ይውጣ፤ ቢያንስ ሦስት ነገር ይያዝ። የሚዘጋበት ቀንና ሰዓት፣ የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት፣ በመካከሉም ሰው በየት እንደሚያልፍ። ሥራው ቢዘገይ አዲሱ የመክፈቻ ቀን በዚያው ቀን ይነገር። ከተከፈተ በኋላ የማይመለስ መሻገሪያ ካለ ደግሞ ለብቻው፣ «ይህ መሻገሪያ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይቀራል፤ በምትኩ የተሠራው በዚህ ስፍራ ነው» ተብሎ በሌላ ሰሌዳ ይጻፍ። የአያት መስመር የመጀመሪያ ሐዲድ ለውጥ በየትኛው ዓመት ቢመጣ፣ የመጀመሪያው ሰሌዳ በየትኛው ማቋረጫ ቢተከል፣ ከሲ.ኤም.ሲ. ታክሲ የሚጠብቀው መንገደኛ በቅድሚያ የሚያየው በመክፈቻው ቀን ላይ የተጻፈውን ቍጥር ነው፤ ያንንም ቀን በማስታወሻው ይጽፈዋል።